ሦስት ሴቶች በለሚ መስመር

ጡረታ ስወጣ፣ ሳስተምርበት የኖርኩት የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ ሸኘኝ። ኬክ ተቆረጠ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ሰርተፊኬት ሰጡኝ። ከዚያ ጌታሁን ማይክ ያዘ። ጌታሁን ድሮ ከኢምፔሪያል ወደ ለሚ በሚሄደው የሚኒባስ መስመር የተራ አስከባሪዎች ሰብሳቢ ነበር። ማን ቀድሞ እንደሚጭን፣ ማን ጨርሶ እንደማይጭን የሚወስነው እሱ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሴቶች በዚህ መስመር መሪ ሲይዙ እጃችንን ዘርግተን የተቀበልናቸው እኛ ነን» አለ። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ልጄ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እማዬ፣ ዛሬን እንኳ ተይው» አለችኝ። ልተወው ነበር። ግን አጠገቤ የተቀመጡት ሠልጣኞቼ እሱን እያዩ በአዎንታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። እነሱ የሰሙትን ነው ነገ ለሌላ የሚነግሩት። ተነሳሁ።

«ጌታሁን፣ አንተ ሦስት ወር ተራ ከልክለኸኛል» አልኩት።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። እሱ ግን ምንም ሳያፍር ሳቅ ብሎ፣ «እሱማ ያኔ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

እኔም የምጽፈው ስለ ያኔ ነው። ቂም ይዤ አይደለም፤ የሆነው ነገር እንዳልሆነ ተደርጎ ሲነገር ዝም ማለት ስለማልችል ነው። ስለዚህ የእሱን ስናገር የራሴንም ጥፋት አልደብቅም።

ሥራ የጀመርኩት በከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭነት ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ የሠራበት ያውቀዋል፣ እኔ አልደግመውም። ከዚያ ሥራ ያተረፍኩት ሹፌሬን ነው። ጋሽ እድሪስ ይባላሉ፤ የወሎ ሰው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ጠዋት ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት አውቶቡሱን አንዴ ይዞሩታል። እንደ ሌሎቹ ጎማውን በእርግጫ አይመቱም፤ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ይዳስሱታል፣ በሬ እንደሚገዛ ገበሬ። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። «ሰዓት እያየ የሚነዳ ሰው መንገድ አያይም» ይሉኝ ነበር።

የእኔ መቀመጫ ከኋላ በር አጠገብ ነበር። ዓመታት እዚያ ተቀምጬ ሞተሩን ስሰማ፣ ሳላስበው ማርሹን ለየሁት። አንድ ቀን መጨረሻ ፌርማታ ደርሰን ሰው ሲወርድ፣ «ጋሼ፣ ቅድም ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ለማስገባት አልዘገዩም?» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ጆሮዬ ነው።»

የእጅ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እያሰሩ፣ «እንግዲያው እሑድ ከሰሚት ወዲህ ያለው ሜዳ ነይ» አሉኝ።

ያኔ ያ አካባቢ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ ሕንፃ ነው። የዘመዳቸውን አሮጌ ፒክአፕ ይዘው መጡ። ሁለት እሑድ መሪ አላስነኩኝም። ጎናቸው አስቀምጠው «ዓይንሽን ጨፍኚ» ይሉኛል፤ እሳቸው እየነዱ እኔ ማርሹን እጠራለሁ። «ሁለተኛ። ሦስተኛ። አሁን ወደ ሁለተኛ ይመልሱት፣ እያቃሰተች ነው።» በሦስተኛው እሑድ መሪውን ሰጡኝ። ስሳሳት አይናገሩም። መኪናው እስኪቆም ድረስ ዝም ነው፤ ከቆመ በኋላ «አብሽሪ» ይሉና ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ በአንድ ያስረዱኛል። መሪ ነጥቀውኝ አያውቁም። አንዴ ቀጥ ብዬ ወደ ቦይ ስሄድ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ጫፉ ላይ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ላብ አጥምቆኝ፣ «ለምን ዝም አሉኝ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እጄን ብዘረጋ ኖሮ ፍሬኑን አንቺ አትይዢውም ነበር» አሉኝ።

ከሁሉም የከበደኝ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ነበር። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ትለቂያለሽ፤ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፤ የመኪናዋ አፍንጫ ብድግ ሊል ሲል ይሰማሻል። የእጅ ፍሬኑ የሚለቀቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ቀድመሽ ከለቀቅሽ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፤ ከዘገየሽ ትጠፋለች። ጋሽ እድሪስ ታዲያ አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውኛል። ባዶ መኪናና ሰው የጫነ መኪና አንድ አይደሉም። ባዶዋን የቻለ የጫነችውን ቻለ ማለት አይደለም። ይህን ቃል ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ ለመውሰድ ስቀርብ ፈታኙ ወረቀቴን አገላብጦ «ባልሽ ፈቅዷል?» አለኝ። «ፈተናው ላይ አለ እንዴ?» አልኩት። አለፍኩ።

አንዲት የገርጂ መለዋወጫ ነጋዴ ሚኒባሷን ሰጠችኝና ለሚ መስመር ገባሁ። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ብቻዬን በነበርኩበት ዓመት ማንም አልተቃወመኝም። ሹፌሮቹ «ማዘር» እያሉ ይቀልዱብኛል፣ ሻይ ይጋብዙኛል፣ ጎማ ሲተነፍስ ዘለው ያግዙኛል። ጌታሁን ራሱ «የመስመራችን ጌጥ» ይለኝ ነበር። ቀጥሎ ሂሩት መጣች፤ ፈጣን፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ከማንም ጋር ተከራክራ የማትሸነፍ ልጅ። ከእሷ ቀጥሎ ጽጌ መጣች፤ ዝምተኛ፣ ሁለት ወንድሞቿን የምታሳድግ። ከዚያ ሌሎችም ፈቃድ እያወጡ ነው ተባለ። ሻዩ ቀረ። አንዲት ሴት ወሬ ናት፤ ሦስት ሴት ስጋት።

በዚያው ሰሞን ለሚ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ተከፍተው ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በብዛት ይሳፈሩ ነበር። መስመሩ ገበያ አገኘ። ገበያ ሲመጣ ደግሞ ማን ይጫን የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ተራ መያዣው ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «ለመንገድ ደኅንነት ሲባል» ይላል አናቱ። ሴት ሹፌሮች ጉዳዩ እስኪጠና ድረስ ተራ እንዳይሰጣቸው የሚጠይቅ ነው፤ ከሥሩ ፊርማ ተደርድሯል። ጌታሁን እጁን ኪሱ ከቶ፣ «እኛ ለናንተው ነው የምናስበው» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ እንዲሁ ነበር። ሴት እንጠላለን ያለ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ለኔ የሚያስብ ሆነ።

ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። መሃል ላይ የታናሽ እህቴን የሰብለን ስም አገኘሁ።

በቀጥታ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ በዚያው መስመር ተቀያሪ ሹፌር ነበር፤ ዋናው ሹፌር ሲደክመው ወይም ሲታመም ይነዳል። ሰብለ ልብስ እያሰጣች ነበር። እንዳየችኝ ለምን እንደመጣሁ ገባት።

«ፈርሜያለሁ» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«በእኔ ላይ?»

«በአንቺ ላይ አይደለም። የሺ፣ አንቺ ሚኒባስ ያዝሽ። ሂሩት ያዘች። ነገ አምስት ትሆናላችሁ። የእሱን ቀን የምትወስዱት እናንተ ናችሁ እኮ! ሥራው ሲቀር ልጆቼን ማን ያበላልኛል፣ አንቺ?»

 እህቴ ሞኝ አይደለችም፤ ክፉም አይደለችም። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ጌታሁን ያን ወረቀት ከምንም ተነስቶ አልጻፈውም። ከየቤቱ ፍርሃት ለቅሞ ነው ያጠናቀረው። ፍርሃቱ እውነት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ምክንያት ግን ውሸት ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የምቆጣው በውሸቱ ነው።

ተራ ስንከለከል ቤት አልገባንም። ሂሩት «ነገም እንመጣለን፤ ዓይናቸውን በዓይናችን እናያለን» አለች። በየማለዳው መኪናችንን መንገድ ዳር ደርድረን ባዶ እንቆማለን። በሁለተኛው ሳምንት የፋብሪካ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት ልጅ የተሰለፈውን ሚኒባስ አልፋ ወደ እኔ መጣች። በሩን ስባ ከፍታ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ተራ የለኝም። አልንቀሳቀስም» አልኳት።

«እንጠብቃለን» አለች።

«እነማን?»

በመስኮቱ ጠቆመችኝ። አሥር የሚሆኑ ጓደኞቿ እየመጡ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከረዳቶቹ አንዳንዶቹ ጠዋት ጠዋት እያጨናነቁ ይነኳቸዋል፤ ሲናገሩ ይሰደባሉ። እኔ መኪና ላይ ግን ያ የለም። ለእነሱ ጉዳዩ መሪ የያዘው ማን ነው አልነበረም፤ ሳይዋረዱ ሥራ መድረስ ነበር። በሦስተኛው ቀን የተሰለፉት ሚኒባሶች ግማሽ ባዶ ሆነው ወጡ። ሴቶቹ አርፍደው ቢቀጡም ከእኛ አንወርድም አሉ።

እንግዲህ በወዲያ ወገን ወረቀት፣ በወዲህ ወገን እንቢታ። በአንድ ወር ውስጥ መሃል የሚቆም ሰው ጠፋ። ሻይ የምትሸጠው ሴት እንኳ ለእኛ ከቀዳች እነሱ አይጠጡላትም። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ስሜን እየጠራ ሲደግፈኝ ሹፌር መሆኔን ረሳሁት።

በሦስተኛው ወር ወረዳው ሁለቱንም ወገን ጠርቶ አነጋገረን። ጌታሁን ብልህ ነው፤ ብዙ አልተከራከረም። «ሴቶቹ ይችላሉ ከተባለ ያሳዩና» አለ። «ከተራው ጀርባ ያለችውን ኮረኮንች ዳገት፣ መሃል ላይ ቆመው ይነሱ። ሦስቱም። በሁላችን ፊት።» እኔ ሳላስብ «እሺ» አልኩ። ሂሩት ፊቷ በራ። ጽጌ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ጽጌ ፈተናውን አልፋ ፈቃድ ይዛለች፤ ሜዳ ላይ የምትታመን ልጅ ናት። ዳገት ላይ ግን እጇ ከእግሯ ይቀድማል። የተሰጠን አንድ ሳምንት ነበር። ማታ ማታ ወስጄ አለማመድኳት፤ በባዶ መኪና። አምስት ጊዜ ስትነሳ አራቱን ትችላለች። ጋሽ እድሪስ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል፤ መጥተው እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። መንገድ ዳር ቆመው በጆሯቸው ብቻ ሰሟት።

«ይህች ልጅ ገና ናት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀኑ ተቆርጧል።»

«አንቺ ነሽ የቆረጥሽው። ሁለት ሆናችሁ ቅረቡ።»

«ሁለት ከሆንን አሸነፍን ይላሉ!»

እሳቸው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ እሺታ ወሰድኩት፤ የሚስማማኝ እሱ ነበርና።

በፈተናው ጠዋት ሰው ከሁለቱም ወገን ተሰበሰበ። ሂሩት ሽቅብ ወጥታ መሃል ቆማ እንደ ወፍ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ። ጽጌ ተራዋ ሲደርስ የፋብሪካዎቹ ልጆች «እኛም አብረንሽ ነን!» እያሉ በሩን ከፍተው መኪናዋ ውስጥ ሞሉ። እየዘፈኑ ነበር። ጽጌ በመስኮት አየችኝ። ዓይኗ የጠየቀኝን አሁንም አውቀዋለሁ። መኪናው ጭኗል፤ እሷ ጭና ዳገት ላይ ቆማ ተነስታ አታውቅም። አንድ ቃል ብናገር ይወርዱ ነበር። እኔ ግን ሕዝቡ ዘፈኑን ሲያቆም መስማት አልፈለግኩም። በእጄ «ሂጂ» አልኳት።

መሃል ላይ ቆመች። ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፤ ድምፁ ሳይወፍር የእጅ ፍሬኑን ጣለችው። ሚኒባሱ ወደ ኋላ ሄደ። ዘፈኑ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ከታች ሰው ገፋ ገፋ እያደረገ ይመልስ የነበረ አንድ ተራ አስከባሪ ዞር ሳይል ኋለኛው መከላከያ እግሩን ከግንብ ጋር አጣበቀው።

አልሞተም። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ከዚያ በኋላ እያነከሰ ኖረ። ሆስፒታል ስሄድ ሚስቱ በር ላይ ፊቷን አዞረችብኝ፤ እሱ ግን አስገባኝ። አልሰደበኝም። የጠየቀኝ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብሎ ነው። ምንም ቢለኝ ከዚህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ወረቀቱ አሸነፈ፤ እኛ ከመስመሩ ወጣን። ጌታሁን «አላልኳችሁም?» ሲል ዝም አልኩት። አንዲት ሴት ስለተሳሳተች ሴቶች አይችሉም ማለቱ ያኔም ውሸት ነበር፣ ዛሬም ውሸት ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ወንድ ሹፌር ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ገልብጦ ነበር፤ ስለ እሱ ወረቀት የለጠፈ የለም። ግን ጽጌን ያቀረብኳት እኔ ነኝ። ዝግጁ አለመሆኗን አውቅ ነበር። ለሦስትነት ስል ሰው ቆጠርኩ እንጂ ሰው አላየሁም።

ጋሽ እድሪስ አልወቀሱኝም። አንድ እሑድ ቤቴ መጥተው «ነይ» አሉኝና ያችን አሮጌ ፒክአፕ አሸዋ አስጫኑ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ ዋልኩ። ሲመሽ «አሁን ይህን ለሌላ አስተምሪ» አሉኝ። ማሠልጠኛ የገባሁት እንዲያ ነው። እዚያ በኖርኩበት ዘመን አንድም ሠልጣኝ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ጭኖ ዳገት ሳይነሳ ከእጄ አልወጣም። አለቆቼ «ነዳጅ ታባክኛለሽ፣ ሰው ታጓትቻለሽ» እያሉ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል። ሁለቱንም ተቀብዬ በማግስቱ አሸዋ አስጫንኩ።

ሴቶቹ ወደ መስመሩ የተመለሱት በስብሰባ አይደለም። አንድ የክረምት ማለዳ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ ሹፌር ጠፋ፤ የፋብሪካ ሠራተኛው ተደርድሮ ዝናብ ይደበድበዋል። ሂሩት ሚኒባስ ይዛ በዚያ ስታልፍ ጌታሁን ራሱ እጁን ዘርግቶ አስቆማትና «ጫኚ» አላት። አዳራሹ ውስጥ «እጃችንን ዘርግተን» ያለው ይህን ከሆነ፣ እውነት ነው፤ ዘርግቷል። ከዚያ አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አምስት ሆኑ። የእህቴ ባል ሥራም አልጠፋም። ሰብለ ዛሬ ያን ፊርማዋን ሳነሳባት «ተይ እባክሽ» ትላለች።

ጽጌ ግን መሪ አልነካችም። ለሚ ስፌት ገባች። ከጥቂት ዓመት በኋላ መድኃኔዓለም በር ላይ አግኝቻት ይቅርታ ጠየቅኳት። ነጠላዋን አስተካክላ በደንብ አየችኝ።

«እትዬ የሺ፣ ያን ቀን ውረዱ ብትያቸው ምን ትሆኚ ነበር?»

«እሸነፍ ነበር» አልኩ።

«እኔ ግን ሹፌር እሆን ነበር» አለችና ወደ ቅጥሩ ገባች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም ሁለተኛ አልለመንኳትም። ያ የእሷ መብት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በመስመሩ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች ገብተዋል፤ ፍሪሲዮን የላቸውም፣ ማርሽ የላቸውም። የሚነዷቸው አብዛኞቹ አውቶማቲክ ብቻ የሚል ፈቃድ የያዙ ወጣቶች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሂሩት ቤቴ መጣች። አሁን የራሷ ሚኒባስ አላት፤ በመስመሩ ከነባሮቹ አንዷ ናት። ብርቱካን ይዛልኝ፣ ስማኝ፣ ከተቀመጠች በኋላ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። አውቶማቲክ ብቻ የሚነዱ ለሚ መስመር እንዳይሠሩ የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። የሰብሳቢዋ ስም የራሷ ነው።

«የአንቺ ፊርማ ካለበት ማንም አይከራከረንም» አለችኝ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ምን አጠፉ?»

«ሹፌር አይደሉማ! እኛ ተሰድበን፣ ዝናብና ፀሐይ ወርዶብን የተማርነውን እነሱ ቁልፍ ተጭነው ነው የሚሄዱት። መኪናው ነው እንጂ እነሱ አይነዱም።»

«ሂሩትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማን ገጩ?»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «የኔ መኪና አሮጌ ነው፣ የሺ። ተሳፋሪው አዲሱን ነው የሚፈልገው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሁን?»

አሳዘነችኝ። እጇን ያዝኩ። «ይህን ጻፊው። አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች ወደ አዲሱ የምንሸጋገርበት መንገድ ይፈለግልን ብለሽ ጻፊ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ከአንቺ ጋር ወረዳ ድረስ እሄዳለሁ። ይህን ግን አልፈርምም። አይችሉም ከተባለ፣ ሰው ጭነው ዳገት ላይ እንያቸው፤ ያልቻለ ይውረድ፣ ወንድም ሴትም።»

እጇን ከእጄ አወጣች። «አንቺ ጡረታሽን ይዘሽ ነው የምታወሪው።»

«እውነትሽን ነው። ለእኔ ቀላል ነው። ቢከብደኝም ግን አልፈርምም።»

«እኔና አንቺ አብረን አይደል እንዴ ፀሐይ ላይ የቆምነው? ታዲያ አሁን የማን ወገን ነሽ?»

«መንዳት የሚችል ሰው ወገን።»

ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በር ላይ ደርሳ፣ «እኔ እንኳ እናት ነሽ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለችኝና ደረጃውን ወረደች።

እሑድ ዕድር ላይ ተገናኘን፤ ሰላም አላለችኝም። ከኋላ ወንበር ስባ ጌታሁን አጠገብ ተቀመጠች። ልቤ አዝኗል፤ እንደ ሂሩት የምወዳት ጓደኛ የለችኝም። ሰዎች «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ፈርመሽ አስታርቂያት» ይሉኛል። ልታረቅ ዝግጁ ነኝ፤ ዛሬ ብትመጣ ተነስቼ አቅፋታለሁ። ፊርማዬን ግን አታገኝም።